ንጉሥን የሚያነግሥ አፍ፦ የካምፓላ የቤተ መንግሥት ድራማ፣ ተዋንያኑና የግቢ አነጋገሩ

፩. መነሻ

ስለ ቤተ መንግሥት ድራማ የሚጻፍ ሒስ አብዛኛውን ጊዜ ከዙፋኑ ይጀምራል። ንጉሡን ማን ተጫወተው? ቁመናው፣ ድምፁና አረማመዱ ንጉሥ ይመስላልን? እነዚህ ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ቀጥሎ ንግሥቲቱ፣ ከዚያም ከዳተኛው ባለሟል ይነሣሉ። አጋፋሪው፣ መልእክተኛው፣ እልፍኝ አስከልካዩና አሽከሩ ግን «ሌሎችም ድርሻቸውን ተወጥተዋል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ነው። ንጉሥ በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን መስኮት የሚነግሠው ከራሱ አፍ ይልቅ በዙሪያው ባሉት ሰዎች አፍ ነው፤ ስለዚህ የአንድ የቤተ መንግሥት ድራማ የትወና ብቃት በቅድሚያ መመዘን ያለበት በትናንሾቹ ገጸ ባሕርያት አነጋገር ነው።

ለዚህ ክርክር መሠረት የሆነው የካምፓላ ቴአትር ነው። የባይሮን ካዋድዋ «ኦሉዪምባ ልዋ ዋንኮኮ» («የዋንኮኮ ዘፈን») እ.ኤ.አ. በ1971 በሉጋንዳ ቋንቋ ለመድረክ የበቃ የሙዚቃ ቴአትር ሲሆን፣ የሙዚቃው ደራሲ ዋሳንዪ ሴሩኬኛ ነው። ጉዳዩ ዙፋን ነው፤ ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ የማይገባውን ሥልጣን የሚመኝ ሰው የአንድን መንግሥት ሥርዓት ሲያናጋ ያሳያል። በማነጻጸሪያነት የተወሰደው ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳየው «ሻካ ዙሉ» የተሰኘው ዐሥር ክፍሎች ያሉት የቴሌቪዥን ድራማ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የአፍሪካን ቤተ መንግሥት በዚያው ቤተ መንግሥት ቋንቋ ለመድረክ አቀረበ፤ ሁለተኛው የአፍሪካን ቤተ መንግሥት በእንግሊዝኛ ለቴሌቪዥን አቀረበ። የሁለቱ ልዩነት የመሣሪያና የገንዘብ ብቻ አይደለም። ንጉሥን «ንጉሥ» የሚያሰኘው የንግግር ሥርዓት በአንዱ ውስጥ ሲኖር በሌላው ውስጥ የለም፤ ተዋንያኑም በዚህ የተነሣ የተለያየ ሸክም ወድቆባቸዋል።

፪. ንጉሥ የሌለበት ዘመን መድረክ

የካምፓላ ብሔራዊ ቴአትር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ስትወጣ የቡጋንዳው ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ግንቦት 24 ቀን 1966 (እ.ኤ.አ.) የሚልተን ኦቦቴ ጦር የሜንጎን ቤተ መንግሥት አጠቃ፤ ካባካው ወደ ለንደን ተሰደዱ። የ1967ቱ ሕገ መንግሥት በኡጋንዳ የነበሩትን ነገሥታት በሙሉ ሻረ። ሙቴሳ ኅዳር 21 ቀን 1969 በለንደን ዐረፉ። ኢዲ አሚን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በካሱቢ የነገሥታት መቃብር ተቀበረ።

«የዋንኮኮ ዘፈን» የቀረበው በዚያው ዓመት መሆኑ ለትወናው ትርጉም ወሳኝ ነው። ተመልካቹ ንጉሡን የቀበረው ገና በቅርቡ ነበር፤ የሚተካ ንጉሥ ግን በሕግ አልነበረም። የቡጋንዳ ዙፋን እስኪመለስና ሮናልድ ሙዌንዳ ሙቴቢ ዳግማዊ ሐምሌ 31 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ.) በናጋላቢ ቡዶ ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት «ካባካ» የሚለው ማዕረግ ባለቤት አልነበረውም፤ በማዕረጉ ዙሪያ የተገነባው አነጋገር ግን በሰዎች አፍ ውስጥ ነበር። ይህ አነጋገር በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፅና በሙሉ ሥርዓት ሊሰማ ከቻለባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቴአትር መድረክ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ተዋናዩ የቀድሞ ሥርዓትን የሚያስታውስ ሰው ብቻ አይደለም፤ የአነጋገሩ ጊዜያዊ ባለአደራ ነው።

ቴአትሩ የ1966ቱን ክስተት በምሳሌ የሚናገር ተደርጎ መታየቱም ከዚሁ ይመነጫል። ምሳሌውን ምሳሌ ያደረገው ግን የታሪኩ መመሳሰል ብቻ አልነበረም። ለተሻረ ንጉሥ የሚገባው ቃል በመድረክ ላይ በሥርዓቱ ሲነገር፣ ቃሉ ራሱ የሽረቱን ሕጋዊነት ይጠይቃል።

፫. የገጸ ባሕርያቱ ድልድል

የቡጋንዳን ግቢ በመድረክ የሚያቆም አዘጋጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የተዋንያን ድልድል ነው። በሌሎች አገሮች የቤተ መንግሥት ድራማዎች የተለመደው ሦስትዮሽ ንጉሥ፣ እናትና ሚስት ነው፤ ሴራውም ከእነዚህ ሦስቱ መካከል ይፈልቃል። በቡጋንዳ ግን «ካባካ» የሚለውን ማዕረግ የሚጋሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሡ፣ የንጉሡ እናት (ናማሶሌ) እና አብራው የምትሾመው እህት (ሉቡጋ)። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግቢና ሹማምንት ነበሯቸው። በጥንቱ ሥርዓት ደግሞ ናማሶሌ ልጇ ከነገሠ በኋላ በውኃ ከተለየ ሌላ ኮረብታ ላይ ትኖራለች እንጂ ከልጇ ጋር ፊት ለፊት አትገናኝም ነበር።

ይህ ለድራማ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት «ሻካ ዙሉ»ን ማስታወስ ይበቃል። የዚያ ድራማ የጀርባ አጥንት የሻካና የእናቱ የናንዲ ግንኙነት ነው። ዱዱ ምኪዜ የተጫወተቻት ናንዲ ከተገፋች እናትነት ተነሥታ እስከ ልጇ ዙፋን ጎን ድረስ ትደርሳለች፤ የልጇ ቁጣም ሐዘንም የሚለካው በእርሷ ፊት ላይ ነው። የቅርብ እይታ ያለው ካሜራ ለእንዲህ ዓይነቱ ትዕይንት የተመቸ ነው። የቡጋንዳን ሥርዓት የሚያከብር ድራማ ግን ይህን ትዕይንት ሊሠራው አይችልም። እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በመልእክተኛ ነውና የትዕይንቱ ክብደት ከሁለቱ ታላላቅ ተዋንያን ተነሥቶ በሦስተኛው፣ ስም በሌለው ተዋናይ ላይ ይወድቃል። መልእክተኛው የእናትን ቃል ወደ ልጅ፣ የልጅን ቃል ወደ እናት ሲያደርስ ቁጣውን ሳያበርድ፣ ክብሩንም ሳይሰብር መናገር አለበት። በዚህ ቦታ ደካማ ተዋናይ የሚመድብ አዘጋጅ ናማሶሌን ከነሙሉ ሥልጣኗ ያጣታል።

ካቲኪሮው፣ ማለትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ሌላው ቁልፍ ቦታ ነው። የንጉሡን ፈቃድ ለአገር የሚያሰማው እርሱ ነው። ባጋላጋላ የሚባሉት የግቢ ወጣት አገልጋዮችም አሉ። ካዋድዋ የኋላ ኋላ ስለ ቅዱስ ቻርልስ ልዋንጋ ቴአትር ሲጽፍ የመረጠው ዋና ሰው ከእነዚህ ወጣቶች አለቆች አንዱ መሆኑ ይታወሳል። ልዋንጋ በካባካ ምዋንጋ ዳግማዊ ትእዛዝ ሰኔ 3 ቀን 1886 (እ.ኤ.አ.) በናሙጎንጎ ተቃጥሎ የሞተ ክርስቲያን ነው። በሁለቱም ሥራዎች የካዋድዋ ዓይን ያረፈው በዙፋኑ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ በዙፋኑ ሥር በቆመው ሰው ላይ ነው። አንደኛው ከዙፋኑ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ሊወጣ ይሻል፤ ሁለተኛው እዚያው ቆሞ «አይሆንም» ይላል።

፬. የግቢ አነጋገርና የተዋናዩ አፍ

የሉጋንዳ የግቢ አነጋገር ለተዋናይ የሚሰጠው መሣሪያ ብዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ለትወና ምዘና ጠቃሚ ናቸው።

የመጀመሪያው የማዕረግ ስሞች ናቸው። ካባካው «ሳባሳጃ» ይባላል፤ የወንዶች ሁሉ በላይ እንደማለት ነው። «ሳባታካ» ሲባል የጎሣ አለቆች ሁሉ የበላይ ነው። «ባፌ»፣ ማለትም «ባላችን»፣ የሚለው አጠራር ደግሞ ሴቱም ወንዱም የሚጠቀምበት ነው። ጎልማሳ ወንድ ተዋናይ በሺህ ሰው ፊት ሌላውን ወንድ «ባላችን» ብሎ ሲጠራ ሳቅ ሳይነሣ ማለፍ አለበት። ሳቅ ከተነሣ ቃሉ የማዕረግነቱን ኃይል አጥቷል፤ ካልተነሣ ግን ንጉሡ ገና ወደ መድረክ ሳይገባ ነግሧል።

ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። በሉጋንዳ ለታላቅ ሰው አክብሮት በብዙ ቁጥር መናገር የተለመደ ነው፤ «ዋሱዜ ኦትያ» ለእኩያ፣ «ምዋሱዜ ሙትያ» ለሚከበር ሰው ይባላል። ለካባካው የሚሰማው የምርቃት ጩኸት ግን «ዋንጋላ» («ረጅም ዕድሜ ኑር») የሚል፣ በነጠላ ቁጥር የቆመ ግሥ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሽማግሌን «እርስዎ» የሚል ሰው ፈጣሪውን «አንተ» ይላል። ከመጨረሻው የክብር እርከን ላይ ሲደረስ የሰዋስው ማክበሪያ ይቀርና ክብሩን ማዕረጉና የተናጋሪው ሰውነት ይሸከሙታል። ተዋናዩ «ዋንጋላ»ን ሲል ጉልበቱ፣ ዓይኑና የድምፁ ከፍታ የብዙ ቁጥሩን ሥራ ይሠራሉ። ሰዋስው በተወው ቦታ ትወና ይገባል።

ሦስተኛው ምስጋና ነው። ሹመት ወይም ስጦታ የተቀበለ ሰው በካባካው ፊት በግንባሩ ተደፍቶ፣ እጆቹን ገጥሞ እያንቀሳቀሰ፣ የምስጋናውን ቃል ደጋግሞ ይናገራል፤ ድርጊቱ «ኦክዌያንዛ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1862 በሙቴሳ ቀዳማዊ ግቢ የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ስፒክ ይህን ሥርዓት በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣዋል፤ በእርሱ ዓይን ግን ነገሩ እንግዳ የሰውነት መፈራገጥ ነበር። ቃሉን ቢሰማም ዓይኑ ይበልጥ ያረፈው በእንቅስቃሴው ላይ ነው። በሉጋንዳ መድረክ ላይ ግን ኦክዌያንዛ ውል ነው። ያመሰገነ ሰው ሹመቱን ከማን እንደተቀበለ በአደባባይ መሰከረ። ስለ ዙፋን ነጣቂ በሚተርክ ቴአትር ውስጥ ከዚህ የበለጠ የድራማ መሣሪያ የለም፤ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ተመልካቹ የሚያውቀው ሰይፍ ሲመዘዝ ሳይሆን ሰዎች ምስጋናቸውን ወደ ማን እንዳዞሩ ሲያይ ነው። ይህን ትዕይንት ተሸካሚው ነጣቂውን የሚጫወተው ተዋናይ አይደለም፤ ግንባሩን ወደ መሬት የሚያደርገው ስም የለሽ ሹም ነው። የተደፋበት ፍጥነት፣ ቃሉን የደገመበት ብዛትና ሲነሣ የሚያሳየው ፊት የመድረኩን ፖለቲካ ይናገራሉ።

አራተኛው ሽፍን አነጋገር ነው። ካባካ «ሞተ» አይባልም። «አኪሲዛ ኦሙኮኖ» («እጁን ሰወረ») ይባላል፤ በግቢው በር ላይ የሚነድደው እሳት «ጠፋ» ተብሎም ይነገራል። ሲነግሥ ደግሞ «ከበሮውን በላ» ወይም «ቡጋንዳን በላ» ይባላል። አማርኛ ንጉሥን «አልጋ ወረሰ» እንደሚል ሉጋንዳም በከበሮ ይናገራል፤ በሁለቱም ቋንቋዎች አገር በአንድ የቤት ዕቃ ይወከላል። የሽፍን አነጋገር ፈተናው የሚከተለው ነው። ባለሟሉ «እጁን ሰወረ» ሲል ቃሉን እንደ ጥንታዊ ጌጥ ካስረዘመው ተመልካቹ የሚሰማው የቋንቋ ትምህርት ይሆናል። ቃሉ ሌላ አማራጭ እንደሌለው፣ ከአፉ የሚወጣ ብቸኛ ቃል ሆኖ ሲነገር ግን የንጉሡ ሞት ይሰማል።

በእነዚህ አራቱ ላይ የስም መደብ ሥርዓቱ ይጨመራል። በሉጋንዳ «ኦሙሳጃ» ወንድ ሰው ነው፤ መነሻው ተለውጦ «አካሳጃ» ሲባል ትንሽዬ፣ የማይረባ ወንድ፣ «ኦጉሳጃ» ሲባል ደግሞ ግዙፍና አስቀያሚ ወንድ ይሆናል። አንድ ክፍለ ቃል ሰውን ከክብር ያወርዳል። «ዋንኮኮ» የሚለው ስም ራሱ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። «ኤንኮኮ» ዶሮ ነው፤ «ዋ» የሚለው ባዕድ መነሻ ደግሞ በባጋንዳ ተረቶች ውስጥ እንስሳትን ሰው የሚያደርግ ነው፤ ብልጧ ጥንቸል «ዋካዪማ»፣ ነብሩም «ዋንጎ» እንደሚባሉት። ስለዚህ ተመልካቹ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም እንደሰማ በአያቶች ተረት ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ማዕረጎቹ የግቢ ናቸው፣ ስሙ ግን የተረት ነው። ዋንኮኮን የሚጫወት ተዋናይ በእነዚህ ሁለት የቋንቋ ዓለሞች መካከል ቆሞ፣ የተረት ስም ይዞ የግቢ ቃል ይናገራል። ቃሉን ባማረ መጠን ስሙ ያጋልጠዋል። የገጸ ባሕርዩ አስቂኝነትም አስፈሪነትም ከዚህ ግጭት ይመነጫል።

፭. ሔንሪ ሴሌና የጠፋው ግቢ

ወደ «ሻካ ዙሉ» ሲመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። ዊልያም ፎሬ ያዘጋጀው ይህ ድራማ ሻካን የሰጠው ለሔንሪ ሴሌ ነበር። ሴሌ ከዚያ ቀደም እግር ኳስ በረኛ የነበረ፣ ሻካንም በመድረክ የተጫወተ ሰው ነው። የቴሌቪዥን ትወናው ጥንካሬ በዝግታ ላይ የተመሠረተ ነው። ትንሽ ይናገራል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው ሰው ቃሉን እስኪጨርስ ዓይኑን አይነቅልም። ብዙ ተመልካች ዛሬም ሻካን ሲያስብ የሚያየው የእርሱን ፊት ነው።

ይህ ብቃት ግን ከአንድ ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው። ድራማው በእንግሊዝኛ የሚናገር በመሆኑ በዙሪያው ያሉት ተዋንያን ንጉሡን በቃል ሊያነግሡት አልቻሉም። በዙሉ ግቢ ውስጥ የቃል ጥንቃቄ ጥልቅ ነው። የንጉሥ ስም የሚመስል ቃል ከዕለት ንግግር ይወገዳል፤ የሻካ ወንድም ምፓንዴ ሲነግሥ «ኢምፓንዴ» የሚለው፣ የእጽዋት ሥር ማለት የሆነው ቃል ተወግዶ በሌላ መተካቱ በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት በእንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ»ን በማይለይ ተውላጠ ስም ውስጥ ቦታ የለውም። በዙሉ የቀሩት የሰላምታ ጩኸቱ «ባዬቴ»ና መዝሙሮቹ ናቸው፤ እነርሱም ትርጉም ከሚሸከም ንግግርነት ይልቅ ለድባብ ያገለግላሉ። ስለዚህ ንግሥናው በሙሉ በሴሌ ሰውነት ላይ ተጫነ። ሸክሙን ተሸከመው፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ሹማምንት የሚታዩ እንጂ የሚሰሙ አልሆኑም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው ድራማው ሁለተኛ ግቢ ስላለው ነው። የለንደን ሰዎችና የኬፕ ሹማምንት በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ የአነጋገር ደረጃቸው፣ ምጸታቸውና የማዕረግ አጠራራቸው ሙሉ ነው። ታሪኩንም የሚያደርሰን በሮበርት ፓወል የተጫወተው የሔንሪ ፊን ድምፅ ነው። አንዱ ግቢ በቋንቋ የተሞላ፣ ሌላው በአካል የተሞላ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ክፍፍል የተዋንያኑ ጥፋት አይደለም፤ ማን በምን ቋንቋ ይናገር የሚለው ውሳኔ ውጤት ነው።

፮. ሌላው የካምፓላ መልስ

ካዋድዋ የመረጠው መንገድ በካምፓላ ብቸኛው አልነበረም። በዚያው ዘመን ሮበርት ሰሩማጋ ከአባፉሚ የቴአትር ቡድን ጋር በ«ሬንጋ ሞይ» (1972) እና በ«አማዪሪኪቲ» (1974) ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። ቃልን እየቀነሰ ለእንቅስቃሴ፣ ለጭፈራና ለድምፅ ቅድሚያ ሰጠ። በአሚን ዘመን ቃል አደገኛ ነበርና ምርጫው ጥበብም መከላከያም ነበረው፤ ቡድኑም በውጭ አገር መድረኮች ያለ አስተርጓሚ መታየት ችሏል።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ የካዋድዋ ውሳኔ ዋጋ ይታያል። የሰሩማጋ ተዋናይ በሌጎስም በለንደንም ሊገባ የሚችል ነበር። የካዋድዋ ተዋናይ ግን ሙሉ በሙሉ የሚገባው ሉጋንዳ ለሚሰማ፣ ከዚያም ውስጥ የግቢውን አነጋገር ለሚለይ ጆሮ ነው። አንድ ቋንቋ የራሱን ተመልካች እንዲህ አምኖ ሲናገር ድንበሩን ያጠባል፤ በድንበሩ ውስጥ ግን የሚናገረው ነገር ሌላ ቦታ ሊባል የማይችል ነው።

፯. የአማርኛ መስተዋት

የዚህ ክርክር ዋና ሐሳብ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ራሱ የንጉሥን ድምፅ ለሌሎች ሰዎች አከፋፍሎ ኖሯል። «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ በግልጽ የሚናገረው የንጉሥ አፍ ሌላ ሰው መሆኑን ነው። «ሊቀ መኳስ» ደግሞ በጦርነት የንጉሡን ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን የሚያዘናጋ ባለሟል ነበር፤ ማለትም ሕይወቱን አስይዞ ንጉሥን የሚጫወት ተዋናይ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ በመልእክተኛ የሚናገር ንጉሥ በመካከለኛው ዘመን የታወቀ ሥርዓት ነው።

የሰዋስው ታሪኩም ከዚህ አይርቅም። «አንቱ» ከግእዙ የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም፣ «እርስዎ» ደግሞ «ርእስ» ከሚለው ቃል የመጡ ናቸው፤ አማርኛ ሰውን ያከበረው በመጀመሪያ በማብዛት፣ ቀጥሎም «ራስ»ን በመጥራት ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲመረቅ የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የቤተ መንግሥት ድራማ ነበር። ስለ ኃጢአተኛ ንጉሥ የተጻፈ ታሪክ ንጉሥ በስሙ በተሰየመ ቤት ውስጥ ሲቀርብ፣ በመድረክ ላይ ያለው ባለሟል ለዳዊት የሚጠቀምበት የአክብሮት ቃል ከመድረኩ በታች ከሚሰማው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ተዋናዩ ሊሳሳት አይችልም፤ የሚያርመው ተመልካች በፊቱ ተቀምጧል።

ዛሬ በአማርኛ የሚሠሩ የታሪክ ድራማዎች የሚሰናከሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ካባውና ዘውዱ በጥንቃቄ ይሰፋሉ፤ ንጉሡን የሚጫወተው ሰው በቁመናውና በድምፁ ይመረጣል። አሽከሩ ግን «እሺ ጃንሆይ፣ አሁኑኑ እናስፈጽማለን» ብሎ በቢሮ አማርኛ ይመልሳል። ዘውዱ የሚወድቀው በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው።

፰. ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ክርክር ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው የግቢ አነጋገር የበታችነት አነጋገር ነው የሚል ነው። መንበርከክን፣ መደፋትን፣ ወንድን ሁሉ «ሚስት» የሚያደርግ አጠራርን በጥራት መጠበቅ ሥርዓቱን ማስዋብ አይሆንምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በራሱ በካዋድዋ ሥራ ውስጥ ይገኛል። ነጣቂው ሥልጣን ሲይዝ ያንኑ ቃል ለራሱ ይፈልጋል፤ ቃሉ በሙሉ ኃይሉ ካልተሰማ መሸጡም፣ መነጠቁም፣ መርከሱም አይታይም። የልዋንጋ ታሪክም እንዲሁ ነው። የእንቢታው ክብደት የሚታወቀው መታዘዝ በዚያ ግቢ ምን ያህል ሙሉ እንደነበረ ሲሰማ ነው። ለስላሳ በሆነ የግቢ ቋንቋ ውስጥ እንቢታ ድፍረት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዛሬ ወጣት ተመልካች ይህን አነጋገር አይለይም የሚል ነው። በካምፓላ ጎዳናዎች የሚሰማው ሉጋንዳ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ የተቀላቀለ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ተመልካች የግቢ ቃል ትርጉሙን ከማወቁ በፊት ክብደቱን ይለያል፤ ይህን ክብደት የሚያስተላልፍለት ተዋናዩ ነው። «እጁን ሰወረ» የሚለውን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ወጣት፣ ቃሉን የተናገረው ሰው ድምፅ ሲሰበርና ሌሎቹ ጸጥ ሲሉ ካየ ትርጉሙን ያውቀዋል። ቃላት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፉበት አንዱ መንገድም ይህ ነው።

፱. የቃሉ ዋጋ

«የዋንኮኮ ዘፈን» እ.ኤ.አ. ከጥር 15 እስከ የካቲት 12 ቀን 1977 በሌጎስ በተካሄደው ሁለተኛው የዓለም የጥቁርና የአፍሪካ ኪነ ጥበባት በዓል ኡጋንዳን ወክሎ ቀረበ። ካዋድዋ በዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቴአትሩ የጥበብ ክፍል ኃላፊ ነበር። ከሌጎስ እንደተመለሰ በዚያው ዓመት የአሚን የጸጥታ ሰዎች ከብሔራዊ ቴአትሩ ወሰዱት፤ ተገደለም። ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም የተገደሉትም በዚያው የካቲት ወር ነው። የካዋድዋ ሞት ከዋንኮኮም፣ ስለ ልዋንጋ ከጻፈውም ቴአትር ጋር ሲያያዝ ኖሯል። ሁለቱም የቤተ መንግሥት ድራማዎች ነበሩ። በሁለቱም ውስጥ ዙፋን ላይ ያለ ሰው ሥልጣኑን ከማን እንደተቀበለ ይጠየቃል፤ የሚጠይቀውም በጦር ሳይሆን በአነጋገር ነው። ገዥው ይህን ሰምቷል ማለት ይቻላል። ቴአትሩን እንደ አለባበስ ትርዒት ያየው ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራው ነገር ባልነበረ።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። ዙፋኑ ተመልሷል፤ የቡጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 የራሱን ሬዲዮ፣ በ2016 ደግሞ ቢቢኤስ ቴሬፋዪና የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያውን ከፍቷል። የንግሥና በዓላት በቀጥታ ይታያሉ፤ «ሳባሳጃ» እና «ዋንጋላ» ከቴሌቪዥን መስኮት ይሰማሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ቡጋንዳ ቤተ መንግሥት የሚሠራ የቴሌቪዥን ድራማ ካዋድዋ ያልነበረበት ችግር ይጠብቀዋል፤ ተዋንያኑ ከእውነተኛው ግቢ ጋር በአንድ መስኮት ይመዘናሉ። በልብስና በቤት ሥራ ይህን ፉክክር ማሸነፍ አይቻልም። የበዓል ስርጭት የማያሳየው ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አነጋገሩ ሲፈተን፣ ሲዋሽበት፣ በፍርሃት ሲነገርና ከሐቀኛው ወደ ነጣቂው ሲዞር ነው። ይህ የድራማ ርስት ነው።

ለአካባቢ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። የቤተ መንግሥት ድራማ ሲቀረጽ፣ ሲሰነድና ሲተነተን የንጉሡ ንግግሮች ብቻ ሳይሆኑ የመልእክተኛው፣ የካቲኪሮው፣ የተሿሚውና የአገልጋዩ ቃሎች ከነእንቅስቃሴያቸው መመዝገብ አለባቸው። በሃያ ስድስቱ ዓመታት ውስጥ እነዚህን ትናንሽ ቦታዎች የተጫወቱ ሰዎች ካሉ፣ የቃሉን አወራረድ፣ የምስጋናውን ድግግሞሽና የዝምታውን ርዝመት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሒስ ጸሐፊውም ከዙፋኑ ይልቅ ከበሩ ይጀምር፤ አጋፋሪው ማዕረጉን ሲጠራ ንጉሡ ከታየ፣ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ተዋናይ ሥራው ግማሽ ተሠርቶለታል።